ሰባተኛዋ እናት

አክስቴ የሐርን ግራ ጆሮ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታበጥራለች። እኔ ቀኙን በሁለት እጄ ይዤ ተራዬን እጠብቃለሁ። ማበጠር የሚጀመረው ከጫፍ ነው። ከሥር ከጀመሩ ጸጉሩ ይቋጠራል፣ ሐርም ተነሥታ ትሄዳለች፤ አንዴ ከሄደች ደግሞ ቢጠሯት ዞር ብላ አታይም። ማበጠሪያው በወረደ ቁጥር አክስቴ አንድ ስም ትጠራለች።

«ሐር ከጥላዬ።»

«ሐር ከጥላዬ» እላለሁ።

«ጥላዬ ከጨረቃ።»

«ጥላዬ ከጨረቃ።»

ጨረቃ ከስንዴ፣ ስንዴ ከፍላጻ፣ ፍላጻ ከዝምታ፣ ዝምታ ከቀጭኔ። እንዲህ እያልን ዘጠኝ እናቶች ወደ ኋላ እንሄዳለን። መጨረሻ ላይ ያለችው እንግዳ ትባላለች፤ የአክስቴ አያት ከሰው እጅ የተቀበለቻት የመጀመሪያዋ ውሻ ናት። ስምንተኛዋ አመዲት ናት። ሰባተኛዋን እዚህ አልጽፋትም፤ ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ሰባተኛዋም ምን ቢደጋግሙልኝ አትያዝልኝም ነበር።

ሐር ረጅም፣ ቀጭን፣ የደረቀ ሣር የመሰለች ውሻ ነበረች። የጎድን አጥንቷ ከመንገድ ማዶ ይቆጠራል። ጎረቤቶች «ኧረ ይህችን ውሻ አብሏት» ይሉናል። አክስቴ ቀና ሳትል «ቀጭን መሆን ሥራዋ ነው» ትላቸዋለች። ሥጋ ስለሌላት ደረቅ ወለል ላይ ከተኛች ክርኗ ይቆስላል፤ ስለዚህ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የጨርቅ ቁርጥራጭ የተሞላ ፍራሽ ነበራት። ስትበላ ጆሮዋ ሳህኑ ውስጥ እንዳይገባ አክስቴ ከተረፈ እጅጌ ከረጢት ሰፍታ ራሷ ላይ ታጠልቅላታለች። ያኔ ሐር ጥርሷን የታመመች አሮጊት ትመስላለች። ሜዳ ላይ ከገመድ አትፈታም፤ ጥንቸል ካየች ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ አይሠራም። አይጮህባትም። የጮኸባትን ሰው አትነክስም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የለም ብላ ትቆጥረዋለች።

ሌላም ሕግ ነበር። አክስቴ የነገረችኝ አራት መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስለነበር፣ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን አልተረዳሁም።

«ይህ ዘር አይሸጥም። በእጅ ይሰጣል። የሰጠ ሰው የእናቶቿን ስም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለተቀባዩ ይነግረዋል። ስሙን እስኪሰማ ድረስ ውሻዋ የእሱ አይደለችም። ተቀባዩ ደግሞ ከመጀመሪያው ወሊድ አንዲት ሴት ቡችላ ይመልሳል።»

«እኔስ? ለእኔ እየነገርሽኝ አይደል?»

«አንቺ የቤት ነሽ። እየተማርሽ ነው። ጨርሰሽ ስትይዢ እናያለን።»

አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ፊት ለፊት ያለው ክፍል የስፌት ሱቋ ነው፤ ከኋላው ባሉት ሁለት ክፍሎች እሷ፣ አባቴና እኔ እንኖራለን። እናቴ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ስለነበረች በወር አንዴ ትመጣለች። አባቴ የአክስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ፖስታ ቤት ቴምብር ይሸጣል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ካየም ልቡ ይቀልጣል።

ባለሜትሩ የመጣው ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አክስቴን የዩኒፎርም ትእዛዝ መተንፈሻ ባሳጣት ሰሞን ነው። ባለሜትሩ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እውነተኛ ማዕረጉ የውሻ አርቢዎች ማኅበር ዋና ጸሐፊ ነበር። ጫማው አቧራ አይዝም። ከኪሱ ከረሜላ ያወጣል። ሲያናግረኝ ደግሞ ይንበረከካል። ከዚያ በፊት እኔን ለማናገር የተንበረከከ ትልቅ ሰው አላየሁም ነበር። ዛሬ ሳስበው የተንበረከከው ለውሻዋ ነው፤ እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ ተረፈኝ።

«እትዬ፣ ሜትሬን ረስቼው ነው የመጣሁት። የእርስዎን ቢያውሱኝ?»

አክስቴ ከአንገቷ ላይ አውርዳ ሰጠችው። የሐርን ትከሻ ለካ፣ ደረቷን ለካ፣ ጅራቷን ለካ። ሐር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። እሱም ደብተሩ ላይ እየጻፈ «ፈሪ ነች» አለ።

«ፈሪ አይደለችም» አለች አክስቴ። «ያላስተዋወቋትን ሰው አታይም እንጂ።»

ሳቀ፣ ጻፈው። ከዚያ ከቦርሳው አንድ ፎቶ አወጣ። የመቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ውሻ ነው፤ የጆሮው ጸጉር፣ የጎኑ ስስነት፣ ፊቱን ያዞረበት አኳኋን፣ ሁሉም ሐር ናት። «አራት ሺህ ዓመት» አለኝ ባለሜትሩ። በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ላገኘሁት ልጅ ሁሉ ውሻችን አራት ሺህ ዓመቷ እንደሆነ ነገርኩ። አላመኑኝም፤ እኔ ግን ድንጋዩን አይቻለሁ።

አክስቴ ያን ቀን እንዳወራችው ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ስለ ፍራሹ፣ ስለ እጅጌው፣ ስለ ገመዱ ሁሉንም ነገረችው። ለሃያ ዓመት ስለ ውሻ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ የምትጠየቀው ለምን እንዳላገባች ነበር። ባለሜትሩ ግን ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ እንደገና ይጠይቃል።

«የእናቶቿ ስም ይታወቃል?»

«ይታወቃል።»

«ቢነግሩኝ?»

«እሱ ውሻዋ ስትሰጥ ነው የሚነገረው። ስሙን የሰማ ተቀብሏል ማለት ነው፤ ሲቀበል ደግሞ ቡችላ ይመልሳል።»

ይህንንም ጻፈ። አጠገቡ ስለነበርኩ አይቻለሁ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ሲሄድ የአክስቴን ሜትር ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። የረሳው መሰለኝ። ስጠራው እንዳይደነግጥ ብዬ ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ተመልሶ ሐር መመዝገብ አለባት አለ። መዝገብ ላይ ያልሰፈረች ውሻ፣ ድንጋይ ላይ ብትቀረጽም፣ በማኅበሩ ዓይን የመንገድ ውሻ ናት። አክስቴ አይሆንም አለችው። ማታ እራት ላይ አባቴና እሷ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ወረቀት ይኑራት ነው ያለው፤ ምን ክፋት አለው?» አለ አባቴ።

«አንተ ልጅ፣ ወረቀቱ በማን ስም ነው የሚወጣው?»

«በማኅበሩ ነዋ።»

«እንግዲያው ማኅበሩ ያበጥራት።»

አባቴ እየሳቀ ወደ እኔ ዞሮ «አክስትሽ ሐር ብትመዘገብ አትወድም» አለኝ። ለእኔ መመዝገብ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። እኔም በዚያው ሳምንት አራተኛ ክፍል ተመዝግቤ ነበር። ሐር ትምህርት ቤት ልትገባ ነው ማለት ነው። አክስቴ ይህን መከልከሏ በጣም አናደደኝ። አራት ሺህ ዓመት ሙሉ ያልተማረች ውሻ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አክስቴ የተሰፋውን ዩኒፎርም ልታስረክብ ወጥታ ነበር። ሐር ግቢው ውስጥ ፀሐይ ትሞቃለች። አባቴ ለምሳ ቤት መጥቶ ነበር። ባለሜትሩ ባለማኅተም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ወረቀቱ ላይ ቁልቁል ዘጠኝ ባዶ መስመሮች ነበሩ። ከዚያ መጥቶ ፊቴ ተንበረከከ።

«ጎበዝ ተማሪ ነሽ ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን የእናቶቿን ስም በቃልሽ ትችያለሽ ቢሉኝ አላምንም። ለልጅ ይከብዳል።»

«እችላለሁ።»

«ኧረ ተይ።»

አባቴ በሩን ተደግፎ ፈገግ ብሎ ያየናል። እኔ ደረቴን ነፍቼ ጀመርኩ። ጥላዬ፣ ጨረቃ፣ ስንዴ፣ ፍላጻ፣ ዝምታ፣ ቀጭኔ። ብዕሩ ከእኔ እኩል ይሮጣል። ሰባተኛዋ ላይ ስደርስ ጠፋችብኝ። ብዕሩ ቆመ። ባለሜትሩ ቅንድቡን አነሣ፣ ፊቱ ላይ «አላልኩሽም?» የሚል ነገር አየሁ። በተከፈተው በር የጎረቤታችን ዶሮ አፈር ስትጭር ታየኛለች፤ አንድ እግሯ ሸፋፋ፣ ግንባሯ ላይ የላባ ቁንጮ ያላት ዶሮ።

«ጉትዬ» አልኩ። ዶሮዋ የምትጠራበት ስም ነው። «ቀጭኔ ከጉትዬ። ጉትዬ ከአመዲት። አመዲት ከእንግዳ።»

ዘጠኙም መስመር ሞላ። ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። ሦስት ከረሜላ ሰጠኝ። አባቴ ከሥር ፈረመ፣ ገመዱንም ከችንካሩ አውርዶ ለባለሜትሩ አቀበለው። ሐር መኪናው በር ላይ እግሯን ተክላ እምቢ አለች። አቀፋትና ከኋላ አስገባት። አልነከሰችውም። በመስኮቱ እኔን ታየኛለች። እኔም ትምህርት ቤት የሚሄድ ሰው እንደሚሸኘው እጄን አወዛወዝኩላት።

አክስቴ ስትመለስ ገመዱ የሚንጠለጠልበትን ችንካር አየች። አባቴ እየቸኮለ ያስረዳል፤ ሦስት ወር ነው፣ ምርመራ ነው፣ ማኅተም አለው። አክስቴ አልሰማችውም። ወደ እኔ መጣች።

«ስሞቹን ነገርሽው?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ሜትር ከአንገቷ የጠፋባት ሰሞን ስለነበር እጇ የሚይዘው አጥቶ ጉልበቷ ላይ ይንቀሳቀሳል።

«እስቲ ለእሱ እንዳልሽው አድርገሽ በይልኝ።»

አልኩላት። ጉትዬ ጋ ስደርስ አክስቴ ቀና አለች። ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ቁርጥራጭ አንዱን አንሥታ አፏ ላይ ያዘች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስታወርደው እንባዋ ፊቷ ላይ ነበር፣ አፏ ግን ይስቅ ነበር።

«ጉትዬ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«እሱም ጻፈው?»

«ጻፈው።»

«በቃ። እንዲሁ ይሁን።»

በእኔ ሳቀች። እንደዚያ ነበር የገባኝ። አንዲት ስም ብትጠፋኝ በእኔ ሳቀች፣ ከዚያ ቀን በኋላም ስሞቹን አንድም ቀን አብራኝ አላለችም። «አክስትዬ፣ ሰባተኛዋ ማን ነበረች?» ስላት «ክሩን አቀብይኝ» ትለኛለች። ክፉ ናት አልኩ። ሐር ስለተማረች ቀናችባት፣ እኔ ስለተሳሳትኩ ናቀችኝ አልኩ። ይህን ቂም ለዓመታት ተሸክሜ ዞርኩ። ልቆጣበት የሚገባኝን ሰው ስስተው ኖርኩ።

ሦስት ወሩ አለፈ። አክስቴ ሱቋን ዘግታ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በመጨረሻ ደብዳቤ መጣ፣ አባቴም ቆሞ አነበበው። ውሻዋ በቤተሰቡ ፊርማ በስጦታ የተላለፈች ስለሆነ አትመለስም። አምስት ቡችሎች ወልዳለች፤ ነገር ግን በደንቡ መሠረት የተመዘገበ ቡችላ ላልተመዘገበ አርቢ አይሰጥም። አባቴ ሲጨርስ ደብዳቤውን በአራት አጠፈው፣ ከዚያ በስምንት፣ ከዚያ ማጠፍ አቃተው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ምርመራ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች አክስቴ። «ፊርማህ ያምራል።»

እኔ ከዚያ ሁሉ የሰማሁት አምስት ቡችሎች የሚለውን ብቻ ነው። ሐር ተማሪ ሆና መውለዷ ገረመኝ።

ሃያ አራት ዓመት አለፈ። አሁን ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ቅርጫት አለ፤ ግራው ያልታየ፣ ቀኙ ያለቀ። ባለፈው ሳምንት የክፍል ኃላፊያችን አንድ ክምር ወረቀት ግራው ላይ ጣለልኝ።

«የውሻ መጽሐፍ ነው። ሦስተኛ እትም። ደራሲው ሞቷል፤ አይከራከርሽም።»

መጀመሪያ ገጽ ላይ ፎቶው አለ። ጫማው አሁንም አቧራ አልያዘም። እጁ ሐር አንገት ላይ ነው፣ ከሥሩ «ደራሲው ከታማኝ ጓደኛው ጋር» ይላል። ሐር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

መጽሐፉ ሦስት ክፍል አለው፤ ታሪክ፣ ጠባይ፣ አያያዝ። ጠባይ የሚለው ላይ «ያላስተዋወቋትን ሰው አታይም» ይላል። ያን ቃል የአክስቴ አፍ ሲያወጣው ሰምቻለሁ። አያያዝ የሚለው ላይ በቁርጥራጭ የሚሞላው ፍራሽ አለ፣ ከጫፍ የሚጀምረው ማበጠሪያ አለ፣ «በደራሲው የተፈለሰፈ የጆሮ ከረጢት» አለ፣ ከነሥዕሉ። አክስቴ የምትባል ሰው ግን የትም የለችም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ውሻዋን ዋጋዋን ከማያውቁ ሰዎች እጅ አተረፍኳት» የሚል አለ። ዋጋዋን የማናውቀው እኛ ነን።

ልማድ በሚለው ርእስ ሥር የእናቶች ስም ለተቀባይ ብቻ እንደሚነገር ተጽፏል፤ ስሙን የሰማ እንደተቀበለ እንደሚቆጠርም። ያ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት መስመር ነው። አውቆ ነበር። አክስቴ በሌለችበት ሰዓት መጥቶ ልጅ ፊት የተንበረከከው እያወቀ ነው። ሴት ቡችላ ይመለሳል የሚለው ግን የለም። ጽፎት ነበር፤ እያየሁት ጽፎታል። መጽሐፉ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ያቺን ብቻ ዘለላት።

ገጽ አርባ ሰባት ላይ የትውልድ ሐረጉ መጣ። ዘጠኝ መስመር። ከሰባተኛዋ ፊት ለፊት እንዲህ ይላል፦ «ጉትዬ። ግንባሯ ላይ በነበራት ጥቁር ቁንጮ የምትታወቅ፣ በዘመኗ ወደር ያልተገኘላት ሯጭ።»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ መስመሩን እንደገና አነበብኩት። ይህ ሰው ሰምቶ መጻፉ አልበቃውም፤ ያላያትን ዶሮ አስሩጧታል። ሰዎች በዚህ ገጽ ምለው ውሻ አጋብተዋል፣ ተሸላልመዋል፣ አንዳቸው የሌላቸውን ውሻ የመንገድ ውሻ ብለው ሰድበዋል።

ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ዓይኗ ደክሟል፤ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋው በጣቷ እየዳሰሰች ነው። ከጠረጴዛው ሥር ፍራሹ አሁንም አለ። ገጹን አነበብኩላት።

«ጉትዬ አሁንም አለች?» አለች።

«ሯጭ ሆናለች።»

«በዚያ ሸፋፋ እግሯ።» መርፌውን አቆመች፣ ትከሻዋም እንደዚያን ቀን መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ያኔ በእኔ የሳቅሽ መስሎኝ ነበር።»

«በአንቺ ምን ያስቀኛል፣ ሚጣ? ስገባ ሁሉም ነገር አለቀ ብዬ ነበር። ከቤቴ ልጅ አፍ ስሙ ከወጣ ሰጥቻለሁ፤ ምን አፍ አለኝ? ከዚያ ዶሮዋ መጣችልኝ። ስሙ ሙሉ አልሆነም። ወስዷታል እንጂ አልተቀበላትም።»

«ታዲያ ስሞቹን ለምን ከለከልሽኝ?»

«አርሜ ብነግርሽ ሰውየው ሌላ ከረሜላ ይዞ ይመጣ ነበር። አንቺ ደግሞ ከረሜላ ትወጂያለሽ።»

«ሳድግስ?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ሳድግ ብትይኝ ዘጠኝ ዓመት ላይ ምን እንዳደረግሽ መንገር ሊኖርብኝ ነው። በእኔ ብትቆጪ ይሻላል ብዬ ነው። እኔ እችለዋለሁ።»

ያኔ፣ ዘግይቼ፣ በሁሉም ተናደድኩ፦ በባለሜትሩ፣ በአባቴ ቆንጆ ፊርማ፣ ይህችን ሴት ሃያ አራት ዓመት ፊት በነሣቻት ልጅ።

«ልታርሚው ነው?» አለችኝ።

«ሥራዬ ነው።»

«ሰባተኛዋን እንዳትጽፊላቸው።»

«አላውቃትም እኮ።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ከጥላዬ ጀመረች፣ እኔም ተከተልኳት፤ ማበጠሪያ ስለሌለ በእያንዳንዱ ስም ጣቷ ጉልበቷን አንድ ጊዜ ይዳብሳል። ቀጭኔ ጋ ስንደርስ፣ ቤቱ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ከዚያ አመዲት፣ ከዚያ እንግዳ።

«ተቀበልሽ?»

«ተቀበልኩ። ግን ውሻ የለም፣ አክስትዬ።»

«የትም ይሁኑ። የሐር ልጆች ሁሉ የአንቺ ናቸው። ሰዎቹ ጋ በአደራ የተቀመጡ ናቸው።»

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። አራሚ የሚነካው ስሕተትን ብቻ ነው፤ በዚህ ሕግ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። አራት ቦታ ላይ «በደራሲው» የሚለውን ሰርዤ «በልብስ ሰፊዋ» አልኩ። ልማድ በሚለው ሥር የማስገቢያ ምልክት አድርጌ የተዘለለችውን መስመር አስገባሁ፦ ተቀባዩ ከመጀመሪያው ወሊድ አንዲት ሴት ቡችላ ይመልሳል። ከዚያ ገጽ አርባ ሰባትን አወጣሁ። ጉትዬን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፣ ከሥር ያለው ስም እንዲነበብ አድርጌ። በቦታዋ ምንም አልጻፍኩም። የገጹ ኅዳግ ላይ በሚነበብ ጽሑፍ እንዲህ አልኩ፦

«ይህች የጎረቤታችን ዶሮ ናት። ስሟን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሰባተኛዋ እናት ስም ለደራሲው አልተነገረም። መስመሩ ባዶ ይቀመጥ።»

የክፍል ኃላፊያችን ሊሰርዘው ይችላል። ከሰረዘውም ግን አንብቦ ነው።

ስሜን ፈረምኩ፣ ብዕሩን ከደንኩ። ገጾቹን ጠርዛቸውን ጠረጴዛው ላይ መትቼ አስተካከልኩ፣ አርባ ሰባትን ከሁሉም በላይ አደረግኩ፣ ቀኙ ቅርጫት ውስጥም አስቀመጥኳቸው።